በመረጃ ገመድ ስለሚላክ የኤሌክትሪክ ኃይል፦ የስያሜዎች ማብራሪያ

የኮምፒዩተር መረብ ባለሞያዎች «ፓወር ኦቨር ኤተርኔት» የሚሉት አሠራር፣ መረጃ በሚያልፍበት ገመድ የኤሌክትሪክ ኃይልንም አብሮ የመላክ ዘዴ ነው። ጣሪያ ሥር የተሰቀለ የጥበቃ ካሜራ የተለየ የመብራት መስመር ሳይዘረጋለት፣ መረጃውንም ኃይሉንም ከአንድ ስዊች ያገኛል። ስያሜውን ቃል በቃል «ኃይል በኤተርኔት ላይ» ብሎ መመለስ አንዱ ነገር በሌላው ላይ የተጫነ ያስመስለዋል። የአማርኛው «በ» መሣሪያንም መንገድንም ስለሚያመለክት፣ «በመረጃ ገመድ የሚላክ ኃይል» ማለትን መርጠናል። «ኃይል» ለዚህ አገልግሎት እንግዳ አይደለም፤ ሕዝቡ የመብራቱን ድርጅት «መብራት ኃይል» ሲለው ኖሯል።

«ስዊች»ን እንዳለ ትተነዋል። «ማብሪያ ማጥፊያ» ብንለው፣ መረጃን ወደየአድራሻው የሚያደርሰው መሣሪያ ከግድግዳው ቁልፍ ጋር ይምታታል። ገመዱ የሚሰካበትን ቀዳዳ «ወደብ» ብለነዋል።

ብዙ ያከራከረን «ክላስ» የሚለው ቃል ነው። ስዊቹ ኃይል ከመልቀቁ አስቀድሞ ዝቅተኛ ቮልት ልኮ፣ በወዲያኛው ጫፍ 25 ኪሎ ኦም ገደማ የሆነ ሬዚስታንስ መኖሩን ይመረምራል፤ ካላገኘ አይለቅም። ካገኘ፣ መሣሪያው የቱን ያህል ዋት እንደሚሻ የሚያመለክተውን ክላስ ያነባል። ይህን «ደረጃ» እንዳንል፣ ደረጃ የሚባለው አሠራሩን የሚወስነው ሰነድ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው ከአንድ ወደብ እስከ 15.4፣ የ2009ኙ እስከ 30፣ የ2018ቱ እስከ 90 ዋት ይፈቅዳል። ስለዚህ «መደብ» አልነው፤ የሰዋስው ሊቃውንት ቃሉን ለተውላጠ ስም ቀድመው ቢወስዱትም ቅር አይላቸውም ብለን እናምናለን።

ችግሩ የመጣው ከግሱ ነው። «መመደብ» በዓይነት መለየት ነው፤ በጀት መስጠትም ነው። ስዊቹ ደግሞ ሁለቱንም ይሠራል። 370 ዋት በጀት ያለው ባለ 24 ወደብ ስዊች እንውሰድ። ለእያንዳንዱ ወደብ 15.4 ዋት ማዳረስ ይችላል፤ 30 ዋት የሚሹ የ4ኛ መደብ መሣሪያዎች ከተሰኩበት ግን ለ12ቱ ብቻ ይበቃል። 13ኛው በመደብ ተለይቷል፣ ኃይል ግን አላገኘም። «ተመድቧል» ተብሎ ቢጻፍ አንባቢው ምን ይረዳ? ስለሆነም ለፊተኛው «በመደብ መለየት»፣ ለኋለኛው «ድርሻ መስጠት» እንዲባል ወስነናል።

ባለሞያው ስዊቱን ሲያዋቅር በየወደቡ የሚመርጠውም በዚሁ ቃል ይነገራል፦ መሣሪያ ሲገኝ ብቻ የሚሰጥ ድርሻ፣ መሣሪያ ባይሰካም የተጠበቀ ድርሻ፣ ወይም ኃይል የተከለከለበት ወደብ። የመጨረሻውን «የተዘጋ ወደብ» ማለት ትልቅ ስሕተት ነው፤ ኃይል የተከለከለበት ወደብ መረጃ ያሳልፋል፣ የተዘጋ ወደብ ግን ምንም አያሳልፍም። «ቅድሚያ» ማብራሪያ አያሻውም፤ በጀቱ ሲያንስ ዝቅተኛ ቅድሚያ የተሰጠው ወደብ በመጀመሪያ ኃይሉን ያጣል።

«የሚወጣ ኃይል» እና «የሚደርስ ኃይል»ም እንዲለዩ እናሳስባለን። ከወደቡ 30 ዋት ቢወጣ፣ ለመሣሪያው ዋስትና ያለው 25.5 ዋት ነው፤ ልዩነቱ እስከ 100 ሜትር በሚረዝመው ገመድ ለሚባክነው የተተወ ነው። ካሜራው 25 ዋት ይሻል ተብሎ የወደቡ ጣሪያ 25 ዋት ከተደረገ፣ የሚደርሰው የሚወጣው ተብሎ ተነቧል ማለት ነው።