የዶሮዋ ግራ ጎን

ለበዓል ጉርድ ሾላ ላይ የተገዛች እንቁላል ጣይ ዶሮ ስትበለት፣ ከሆዷ ትልቅና ትንሽ ቢጫ አስኳሎች እንደ ወይን ዘለላ ተያይዘው ይወጣሉ። አብዛኛው ሰው ወደ ሳህን ጥሎት ያልፋል። የተጣበቀበትን ቦታ ለሚያይ ግን ዘለላው ከጀርባ አጥንቷ በግራ በኩል ብቻ ነው፤ በቀኝ የለም። ሳንባዋ ሁለት፣ ኩላሊቷ ሁለት፣ እንቁላል ማፍሪያዋ አንድ። አውራው ደግሞ በሁለቱም ጎን ፍሬ አለው።

እዚያው ጉርድ ሾላ ያለው የዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም፣ በተለምዶ ኢልሪ የምንለው፣ የትኛው የዶሮ ዝርያ በገበሬው ጓሮ የተሻለ እንደሚጥል ሲያጠና ቆይቷል። ግራና ቀኝ የጥናቱ ጉዳይ አይደለም፤ የሚቆጥረው እንቁላል ሁሉ ግን ከግራ የመጣ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ዶሮዋ በታቀፈችበት በመጀመሪያው ቀን ነው። ጽንሱ ያኔ አስኳሉ ላይ የተለጠፈች ስስ ክብ ናት፤ ግራና ቀኟ አንድ ዓይነት ነው። መሐሏ ላይ መስመር ይወጣል፣ በመስመሩ ራስ ላይም ትንሽ ቋጠሮ። በቋጠሮው ዙሪያ ያሉ ሴሎች ለጥቂት ሰዓታት ወደ ግራ ይንሸራተታሉ፤ ይህ የታየው በ2009 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በኋላ ሶኒክ ሄጅሆግ የሚባለው ጂን በቋጠሮው ግራ ብቻ ሲሠራ ይገኛል። (ስሙ ከቪዲዮ ጌም ነው፤ የሳይንስ ሰዎችም ይጫወታሉ።) በግራና በቀኝ እኩል የማይሠራ ጂን መኖሩን ተመራማሪዎች ያሳወቁት በ1995 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ያዩትም በዚህችው በዶሮ ጽንስ ላይ ነው። እንቁላሉን በስሱ ቀዶ ጽንሱን በሕይወት እያለ ማየት ስለሚቻል ዶሮ ለዚህ ሥራ ትመቻለች።

ሶኒክ ሄጅሆግ ኖዳል የሚባለውን ጂን ያስነሳል፤ ኖዳልም በግራው ጎን ፒትክስ2 የሚባለውን። ሌፍቲ የሚባለው ደግሞ መልእክቱ መሐሉን አልፎ ወደ ቀኝ እንዳይፈስ ያግደዋል። ፒትክስ2 ከበራ በኋላ ብዙ የአካል ክፍሎች በየተራቸው ግራቸውን ከእሱ ይሰማሉ። ቀድሞ ግራና ቀኙ የሚለየው ልብ ነው፤ ቀጥ ያለች ቱቦ ሆና ተጀምራ በሁለተኛው ቀን ወደ ቀኝ ትታጠፋለች።

እንቁላል ማፍሪያው ላይ ሲደርስ ነገሩ ይከርራል። መጀመሪያ በሁለቱም ጎን ቡቃያ አለ። በሴቷ ጽንስ የግራው የውጭ ሽፋን ይወፍራል፤ የእንቁላል ዘር የሚሆኑት ሴሎች የሚሰፍሩት እዚያ ነው። የቀኙ ሽፋን ሳይወፍር ይቀርና ይኮሰምናል። የቀኙም የእንቁላል ቱቦ በሆርሞን ትእዛዝ ይከስማል። በ21ኛው ቀን ጫጩቷ ስትፈለፈል ጉዳዩ አልቋል። ለምን አንድ ብቻ ቀረ ለሚለው፣ ለመብረር ክብደት ለመቀነስ ነው የሚል ግምት አለ፤ እኔን ብዙም አያሳምነኝም፤ የሌሊት ወፍም ሁለቱንም ይዛ ትበራለችና።

አይጥ ወደ ፒትክስ2 የምትደርሰው በሌላ መንገድ ነው። በቋጠሮዋ ውስጥ የሚሽከረከሩ ረቂቅ ፀጉሮች ፈሳሹን ወደ ግራ ይገፉታል፤ ይህን የጃፓን ተመራማሪዎች በ1998 እ.ኤ.አ. አሳይተዋል። በሰውም እንዲሁ ይመስላል፤ ከ10,000 ሰው አንዱ ገደማ ልቡ በቀኝ፣ ጉበቱ በግራ ሆኖ ይወለዳል። ከእነዚህ አንዳንዶቹን ሳይነስና ሳል ያሠቃያቸዋል፤ አክታ ጠራጊዎቹ የአየር ቧንቧ ፀጉሮችም እንደ ቋጠሮው ፀጉሮች ጉድለት ስላለባቸው ነው።

ወደ ዶሮዋ ስንመለስ፣ የቀኙ ቅሪት ጨርሶ አይሞትም። የግራው በበሽታ ሲጠፋ ይነቃል፤ ሲያድግም አብዛኛውን ጊዜ የሚሆነው እንቁላል ማፍሪያ ሳይሆን የወንድ ፍሬ የመሰለ ነገር ነው። ያቺ ዶሮ ኩክኒዋ ይፋፋል፣ እንደ አውራ ትጮኻለች። ሟርት ነው ብለው የሚያርዷት አሉ። ሆዷ ሲከፈት የግራውን ጎን ማየት ነው።