ወርቅን የሚያሟሟው ውኃ

«ወርቅ በእሳት ይፈተናል» ሲባል ከሕፃንነታችን ጀምሮ ሰምተናል። ነገሩ እውነት ነው። ሆኖም ወርቅ በአሲድም ይፈተናል። እንዲያውም ብረትም፥ መዳብም፥ ድንጋይም በዚህ ፈተና ፊት ሲቀርቡ እያንዳንዱ ባሕርዩን ይገልጣል።

ብዙ ሰው አሲድ ሲባል ያገኘውን ሁሉ የሚበላ ይመስለዋል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ቀጭን ሃይድሮክሎሪክ አሲድ በጥቁር ድንጋይ ላይ ቢንጠባጠብ ምንም አይታይም፤ በኖራ ድንጋይ ላይ ሲንጠባጠብ ግን አረፋ ይነሣል። አረፋው ከድንጋዩ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተባለው ጋዝ ነው። የድንጋይን ዓይነት የሚመረምሩ ሊቃውንት ትንሽ የአሲድ ጠርሙስ ይዘው የሚጓዙት ስለዚህ ነው።

ብረትና ዚንክ በዚሁ አሲድ ውስጥ ሲገቡ ሃይድሮጂን እየለቀቁ ይሟሟሉ። መዳብን ግን ይህ አሲድ ብቻውን አያሸንፈውም። ናይትሪክ አሲድ ሲፈስበት ግን ወዲያው ቡናማ መርዘኛ ጢስ ይነሣል። ብርም በናይትሪክ አሲድ ይሟሟል፤ ንጹሕ ወርቅ ግን አይነካም። ስለዚህ አንጥረኛው የተጠራጠረውን ጌጥ በመፈተኛ ድንጋይ ላይ ፍቆ በጭረቱ ላይ ይህን አሲድ ያንጠባጥባል። ወርቅ ተብሎ የቀረበው መዳብ ከሆነ ጭረቱ ይጠፋል።

እንግዲህ ወርቅን የሚያሸንፍ የለምን? አለ። ሦስት እጅ ሃይድሮክሎሪክና አንድ እጅ ናይትሪክ አሲድ ሲቀላቀሉ፥ ለየብቻቸው ያልቻሉትን ተባብረው ይፈጽማሉ፤ አንዱ ወርቁን ሲያላቅቅ ሌላው ይዞ ያስቀረዋል። የጥንት ሊቃውንት ድብልቁን «የንጉሥ ውኃ» ብለውታል። ተማሪዎች ሆይ፥ ጢሱ ሳንባን፥ ፈሳሹም ገላን ያቃጥላልና ይህን በቤታችሁ ከቶ አትሞክሩ።

ይህ ውኃ አንድ ጊዜ ሰውን ከአደጋ አድኖአል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1940 የጀርመን ጦር ኮፐንሀገን ሲገባ፥ በኒልስ ቦር የምርምር ተቋም ውስጥ የማክስ ፎን ላውና የጄምስ ፍራንክ የኖቤል የወርቅ ሜዳዮች በአደራ ተቀምጠው ነበር። ከጀርመን ወርቅ ማስወጣት ከባድ ወንጀል ነበር፤ በሜዳዮቹም ላይ የባለቤቶቹ ስም ተቀርጾ ነበር። አደጋው ይልቁንም ገና በጀርመን ለሚኖረው ለላው ነበር። ሀንጋሪያዊው የኬሚስትሪ ሊቅ ጆርጅ ደ ሄቬሺ ሜዳዮቹ ይቀበሩ ቢል፥ ቦር «ተቆፍረው ይገኛሉ» ብሎ ሰጋ። ስለዚህ ሄቬሺ በንጉሥ ውኃ አሟሟቸው። ወታደሮቹ ሕንፃውን ሲፈትሹ ጠርሙሱን ልብ ያለው አልነበረም። ከጦርነቱ በኋላ ወርቁ ከፈሳሹ ተለይቶ ወጣ፤ የኖቤል ድርጅትም ሜዳዮቹን እንደገና አስቀረጸ።

ከዚህ የምንማረው አለ። አንድ ነገር አንዱን ፈተና ስላለፈ የማይሸነፍ ነው አይባልም፤ ሟሟ ተብሎም ጠፋ አይባልም። የነገርን ባሕርይ ለማወቅ የሚስማማውን ፈተና መምረጥ ያስፈልጋል፤ ይህም በቤተ ሙከራም በሥራ ገበታም የሚጠቅም ትምህርት ነው።