ከዋሽንግተን እስከ አምባ ጊዮርጊስ፦ ርቀትና የጉዞ ጊዜ

ዋሽንግተን የሚኖር አንድ የወገራ ተወላጅ የእናቱን መታመም ሰምቶ ወደ አምባ ጊዮርጊስ ሲነሣ፣ ቤተሰቡ አስቀድሞ የሚጠይቀው «መቼ ይደርሳል?» ብሎ ነው። ርቀቱን ማወቅ ብቻ ለዚህ ጥያቄ መልስ አይሆንም። ምክንያቱን በቅደም ተከተል እንመልከት።

አጭሩ መንገድ

ከዋሽንግተን ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ እስከ ቦሌ ያለው አጭሩ ርቀት 11,560 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በመርኬተር ካርታ ላይ ሁለቱን ከተሞች በማስመሪያ ብናገናኝ ግን መንገዱ ወደ 500 ኪሎ ሜትር ይረዝማል። መሬት ድቡልቡል በመሆኗ እውነተኛው አጭር መንገድ በሉል ላይ ክር ወጥረን የምናገኘው ነው፤ ይኸውም በካርታው ላይ ወደ ሰሜን የጎበጠ ቀስት ሆኖ ይታያል። ከሚያቋርጣቸው አገሮች መካከል ስፔን፣ አልጄሪያ፣ ሊቢያና ሱዳን ይገኛሉ። ይሁን እንጂ በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ሲቀሰቀስ እንደታየው፣ የአየር ክልል ሲዘጋ አውሮፕላኖች ዙሪያ ጥምጥም ለመሄድ ይገደዳሉ።

ነፋስና ከፍታ

በ10 ኪሎ ሜትር ከፍታ አካባቢ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍስ ጄት ስትሪም የተባለ ፈጣን የነፋስ ጅረት አለ። በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር የሚበር አውሮፕላን በአማካይ 50 ኪሎ ሜትር በሰዓት የሚሮጥ ነፋስ ከኋላው ቢገፋው፣ ይህን ርቀት በ12 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ገደማ ይጨርሳል፤ ከፊቱ ቢገጥመው ግን 13 ሰዓት ተኩል ያልፈዋል። መነሣት፣ መዞርና ማረፍ ሲጨመሩ ወደ ቦሌ የሚደረገው በረራ 13 ሰዓት ያህል ይሆናል።

በመልሱ ጉዞ ሌላ ችግር ይጨመራል። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ በመሆኑ፣ የአየሩ እፍግታ በባሕር ወለል ካለው 80 በመቶ ያህል ብቻ ነው። በሳሳ አየር ክንፍም ሞተርም ጉልበታቸው ይቀንሳል፤ ስለዚህ አውሮፕላኑ ሙሉ ነዳጅ ጭኖ መነሣት ያዳግተዋል። ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን የሚሄዱ በረራዎች ለብዙ ዓመታት እንደ ደብሊን ባሉ ከተሞች ለነዳጅ ያርፉ የነበሩት በዋናነት በዚህ ምክንያት ነው።

የሰዓት ልዩነት

ዋሽንግተን እንደ ወቅቱ ከአዲስ አበባ በ7 ወይም በ8 ሰዓት ትዘገያለች። ስለዚህ በዚያ አቆጣጠር ከረፋዱ 5 ሰዓት የተነሣ መንገደኛ፣ ልዩነቱ 8 ሰዓት ሲሆን፣ በማግስቱ ጠዋት 2 ሰዓት ቦሌ ይደርሳል። በሁለቱ ሰዓቶች መካከል 21 ሰዓት ያለ ይመስላል፤ የተበረረው ግን 13 ሰዓት ነው።

የመጨረሻው ጉዞ

ከቦሌ እስከ አዘዞው አፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ 420 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ በረራው 1 ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ከዚያ ጎንደርን አቋርጦ ሽቅብ ወደ አምባ ጊዮርጊስ የሚወስደው 50 ኪሎ ሜትር ገደማ የመኪና መንገድ ግን አንድ ሰዓት ተኩል ሊፈጅ ይችላል። በቦሌ የ3 ሰዓት ቆይታ ብንጨምር ድምሩ 18 ሰዓት ተኩል ይሆናል። እንግዲህ ቤተሰቡ መንገደኛውን በማግስቱ ከቀትር በኋላ ሊጠብቅ ይገባል፤ የጎንደሩ በረራ ካመለጠው ግን ከ11,560ው ኪሎ ሜትር ይልቅ የቀረው ጥቂቱ መንገድ አንድ ሙሉ ቀን ያዘገየዋል።