የዘገየ ድምፅ

ከላሊበላ ወደ 7 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ከዋሻው ጣሪያ የሚንጠባጠበው ጠበል በድንጋይ ገበታ በሚጠራቀምበት በነአኩቶ ለአብ ደብር፣ ከከበሮው 3 ሜትር ተኩል ርቆ ጸናጽል የሚይዝ ደብተራ ምቱን የሚሰማው 10 ሚሊ ሰከንድ ያህል ዘግይቶ ነው፤ ማኅሌቱ ግን በዚህ አይታወክም።

ያንኑ ዜማ በኮምፒዩተር የሚቀርጽ ሰው ግን የገዛ ድምፁ ከዚያ እጅግ ዘግይቶ በጆሮ ማዳመጫው ቢመለስበት ይደናገራል፤ የሚዘገየውም ማሽኑ ድምፁን የሚቀበለው እንደ እህል በቁና እየሰፈረ ስለሆነ ነው፤ በሰከንድ 48,000 ናሙና ሲቀረጽ 1,024 የሚይዘው ቁና 21 ሚሊ ሰከንድ ሲፈጅ፣ 128 የሚይዘው 3 እንኳ አይሞላም። ቁናው ከመጠን በላይ ካነሰ ደግሞ ማሽኑ አልደርስ ብሎ ድምፁ ይቆራረጣል።

በዊንዶውስ የሚሠራ ሰው እንግዲህ መዘግየቱን ለመቀነስ የጀርመኑ ሽታይንበርግ በ1997 እ.ኤ.አ. ያወጣውን፣ አሲዮ (ASIO) የተባለውን የድምፅ ሥርዓት የሚከተል፣ በተለይም የድምፅ መቀበያው ሠሪ ራሱ ያዘጋጀውን ድራይቨር ይምረጥ፤ ባለ ማኩ ኮር ኦዲዮ የተባለው የድምፅ ሥርዓት ከማሽኑ ጋር አብሮ ስለተሰጠው ከዚህ ድካም ዐርፏል።