የምድብ ጥያቄዎችን በሥርዓት መፍታት፦ ለመግቢያ ፈተና ተፈታኞች የቀረበ ማብራሪያ

በ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውስጥ የሚካተተው የስኮላስቲክ አፕቲቲዩድ ፈተናም ሆነ ለድኅረ ምረቃ ትምህርት አመልካቾች የሚሰጠው ብሔራዊ የመግቢያ ፈተና (ጋት) የተፈታኙን የማመዛዘን ችሎታ ይለካሉ። ይህን ችሎታ ለመለካት በመግቢያ ፈተናዎች ከሚታወቁት የጥያቄ ዓይነቶች አንዱ፣ ሰዎችን በተሰጡ ሁኔታዎች መሠረት በቡድን መክፈልን የሚጠይቀው የምድብ ጥያቄ ነው። ጥያቄው በቃል የተያዘ ቀመር አይፈልግም። ይሁን እንጂ በግምት እየሞከረ የሚሠራ ተፈታኝ ለሌሎች ጥያቄዎች የሚያስፈልገውን ሰዓት ሊያጣበት ይችላል። ስለሆነም የአሠራር ሥርዓቱን አስቀድሞ መለማመድ ጠቃሚ ነው።

የሚከተለውን ምሳሌ እንመልከት። ሀዊ፣ ለምለም፣ መሐመድ፣ ሮቤል፣ ቀለሟ፣ በላይ እና ተስፋዬ የተባሉ 7 የጤና ባለሙያዎች ለክትባት ዘመቻ ይሰማራሉ። 4ቱ ወደ ደሴ፣ 3ቱ ወደ ጎንደር ይመደባሉ። ሁኔታዎቹም፦

1. ሀዊና ለምለም በአንድ ቡድን አይመደቡም።
2. መሐመድና ሮቤል በአንድ ቡድን ይመደባሉ።
3. በላይ ጎንደር ከተመደበ ተስፋዬም ጎንደር ይመደባል።

ቦታን መቁጠር። ሁኔታዎቹ ባይኖሩ ኖሮ ምደባው በ35 መንገዶች ሊከናወን ይችል ነበር። ሁሉንም መሞከር አያስፈልግም። ሀዊና ለምለም ስለሚለያዩ በእያንዳንዱ ቡድን አንድ ቦታ በእነርሱ ይያዛል። በመሆኑም ደሴ 3፣ ጎንደር 2 ክፍት ቦታ ይቀራቸዋል።

በጥንዱ መጀመር። መሐመድና ሮቤል ሁለት ቦታ በአንድ ጊዜ ስለሚይዙ ብዙ ነገር የሚወስኑት እነርሱ ናቸው። ጎንደር ከተመደቡ የጎንደር ቡድን ይሞላል፤ ቀለሟ፣ በላይና ተስፋዬ በሙሉ ደሴ ይሆናሉ። ደሴ ከተመደቡ ግን ደሴ የሚቀረው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ እርሱም የቀለሟ ወይም የበላይ ይሆናል። ተስፋዬ ሊይዘው አይችልም፤ ምክንያቱም በዚያን ጊዜ በላይ ያለ ተስፋዬ ጎንደር ስለሚመደብ 3ኛው ሁኔታ ይጣሳል። እንግዲህ ሦስት ዓይነት አደላደል አለ። በእያንዳንዱም ሀዊና ለምለም ቦታ ሊለዋወጡ ስለሚችሉ፣ 35 የነበረው ወደ 6 ዝቅ ይላል።

«ከሆነ» የሚለውን ሁኔታ በትክክል መረዳት። 3ኛው ሁኔታ አንድ ተጨማሪ መረጃ ይሰጣል፦ ተስፋዬ ደሴ ከተመደበ በላይም ደሴ ይመደባል። ነገር ግን «ተስፋዬ ጎንደር ከተመደበ በላይም ጎንደር ይመደባል» ማለት ስሕተት ነው። ተስፋዬ ከቀለሟ ጋር ጎንደር ሆኖ በላይ ደሴ ቢመደብ የሚጣስ ሁኔታ የለም። ተፈታኞች ሁኔታውን በዚህ መንገድ ገልብጠው እንዳያነቡ ሊጠነቀቁ ይገባል።

የተጠየቀውን መለየት። ጥያቄው «ተስፋዬ ደሴ ቢመደብ የግድ እውነት የሚሆነው የትኛው ነው?» የሚል ነው እንበል። በላይ ተስፋዬን ተከትሎ ደሴ ይሆናል። ከሀዊና ከለምለም አንዷ ስትጨመር ደሴ የሚቀረው አንድ ቦታ ነው፤ ለመሐመድና ለሮቤል አይበቃም። ስለዚህ ሁለቱ ወደ ጎንደር ይሄዳሉ፤ ቀለሟም የግድ ደሴ ትመደባለች። «ሀዊ ጎንደር ትመደባለች» የሚለው ምርጫ ግን ሊሆን የሚችል እንጂ የግድ የሚሆን ስላልሆነ ትክክለኛ መልስ አይደለም።

ተፈታኞች በልምምድ ወቅት እያንዳንዱን ሰው በስሙ የመጀመሪያ ፊደል በመወከል፣ ቡድኖቹን በሁለት ዓምድ ጽፈው ቢሠሩ ይመከራል። በመጀመሪያ ያለ ሰዓት ገደብ፣ ሥርዓቱ ከተለመደ በኋላም በተወሰነ ሰዓት መለማመድ ይገባል። በፈተናው ዕለትም ወደ ምርጫዎቹ ከመሄድ በፊት ቦታዎቹን ለመቁጠር የሚውለው አጭር ጊዜ፣ በተመሳሳዩ ምደባ ላይ የሚቀርቡትን ተከታታይ ጥያቄዎች ሁሉ ለመመለስ ያግዛል።