ትናንት የሠራው ዛሬ ለምን እምቢ ይላል?

በአገራችን ትምህርት ቤቶች ከሚገኙት ኮምፒውተሮች መካከል በርካቶቹ በሌላ አገር ጥቂት ዓመታት አገልግለው በልገሳ የተገኙ መሆናቸው ይታወቃል። እንዲህ ያሉ ማሽኖች በፍኖተ ሰላም ወይም በቡሬ በአንድ የትምህርት ቤት ክፍል ተደርድረው፣ ሊኑክስ የተባለው ነጻ ስርዓተ ክወና ተጭኖባቸውና እርስ በርስ በኔትወርክ ተያይዘው ሲሠሩ እናስብ። አንድ ቀን አዲሱ የሊኑክስ ዕትም ይጫንባቸዋል። ማሽኖቹ ይነሣሉ፤ ስክሪኑም ይበራል፤ የኔትወርክ ካርዱ ግን ጭጭ ይላል። ገመዱም ካርዱም ያው የትናንቱ ናቸው። የተለወጠው ሶፍትዌሩ ብቻ ነው።

በባለሙያዎች ዘንድ እንዲህ ያለው ብልሽት «ሪግሬሽን» ይባላል፤ የኋሊት ጉዞ እንደ ማለት ነው። ቀድሞውንም ሠርቶ ከማያውቅ ነገር የሚለየው፣ ይሠራ የነበረ ነገር በአዲስ ለውጥ ምክንያት መሥራቱን ማቆሙ ነው። በዚህ ጽሑፍ ችግሩ ከየት እንደሚመነጭ፣ በምን ዘዴ እንደሚታደን፣ የእኛ አገር ተማሪም በዚህ አደን ውስጥ ምን ድርሻ ሊኖረው እንደሚችል እንመለከታለን።

አስተርጓሚው የት ተሳሳተ?

የሊኑክስ እምብርት ከርነል ይባላል። ከርነሉ ከእያንዳንዱ ካርድ ጋር የሚነጋገረው ድራይቨር በተባለ አስተርጓሚ አማካይነት ነው። ካርዱም ለአስተርጓሚው ማንነቱን የሚገልጸው በሁለት ቁጥሮች ሲሆን፣ አንደኛው የአምራቹ፣ ሁለተኛው የዕቃው መለያ ነው። የኢንቴል ኩባንያ መለያ ለምሳሌ 8086 ነው፤ ይህም እ.ኤ.አ. በ1978 ዓ.ም. ያወጣውን ፕሮሰሰር ስም የሚያስታውስ ነው።

ይሁን እንጂ በዓለም ላይ ያሉትን ካርዶች ሁሉ በጠረጴዛው ላይ ደርድሮ የሚሞክር የሶፍትዌር ባለሙያ የለም። አንዳንድ አምራቾችም የካርዳቸውን የአሠራር ሰነድ አይሰጡም። በመሆኑም አንድ ባለሙያ ለብዙ ድራይቨሮች የጋራ የሆነውን የከርነል ክፍል ሲያሻሽል፣ በእጁ ባሉት ማሽኖች ላይ ሁሉም ነገር በትክክል ይሠራለታል። ነገር ግን ከእንቅልፉ ለመንቃት ጥቂት ሚሊሰከንድ የሚፈልግ አንድ አሮጌ ካርድ በሩቅ አገር ይኖር ይሆናል። አሮጌው ከርነል ቀርፋፋ ስለ ነበር ካርዱ ሳይታወቅ ጊዜ ያገኝ ነበር፤ አዲሱ ፈጣን ስለ ሆነ ካርዱ ሳይነቃ ትእዛዝ ይሰጠዋል። ማሻሻያው ስሕተት የለበትም፤ ካርዱም አልተበላሸም፤ ቢሆንም ሁለቱ መግባባት አቃታቸው።

መድኃኒቱ ብዙ ጊዜ አጭር ነው። ከርነሉ የተለየ ጠባይ ያላቸውን ዕቃዎች በመለያ ቁጥራቸው የሚመዘግብባቸው ሠንጠረዦች አሉት። «ይህ ቁጥር ያለውን ካርድ ጥቂት ታገሠው» የሚል አንድ መስመር መጨመር ብቻ ችግሩን ሊያስወግደው ይችላል። ከባዱ ሥራ መስመሩን መጻፍ ሳይሆን የት እንደሚጻፍ ማወቁ ነው።

ከቦዩ መሐል መጀመር

አንድ አዲስ የሊኑክስ ከርነል ከ9 እስከ 10 ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ይወጣል። በዚህ ጊዜ ውስጥም ከ10 ሺህ የሚበልጡ ለውጦች ይገቡበታል። ጥፋተኛው ለውጥ ከእነዚህ ሁሉ መካከል እንዴት ሊገኝ ይችላል?

መልሱን ለማግኘት በጃቢ ጠህናን ወረዳ በመስኖ የሚያለማን ገበሬ እናስብ። ውኃ ከመጥለፊያው አለ፤ ከማሳው ግን አልደረሰም። ገበሬው ቦዩን ከላይ እስከ ታች እርምጃ በእርምጃ መፈተሽ አያስፈልገውም። ከመሐሉ ቆሞ ይመለከታል። እዚያ ውኃ ካለ ስብራቱ ከታች ነው፤ ከሌለም ከላይ ነው። ከዚያ የቀረውን ግማሽ እንደገና ለሁለት ይከፍላል። ቦዩ 1024 እርምጃ ቢረዝም እንኳ በ10 ፍተሻ ስብራቱ ካለበት እርምጃ ላይ ይደርሳል፤ 1024 ማለት 2 በ10 ጊዜ ሲባዛ የሚገኘው ቁጥር ነውና። 16384 ለውጦች ቢኖሩም 14 ፍተሻዎች ይበቃሉ።

ይህን ሥራ ለከርነል የሚያከናውነው መሣሪያ ጊት ይባላል። የሠራውም የሊኑክስ ጀማሪ ሊኑስ ቶርቫልድስ ሲሆን፣ ጊዜው እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2005 ዓ.ም. ነበር። ጊት የለውጦችን ታሪክ በሙሉ በማሽኑ ዲስክ ላይ ያስቀምጣል። «ባይሴክት» የተባለው ትእዛዙ መሐል ላይ ያለውን ዕትም መርጦ ያቀርባል፤ ተጠቃሚው ያንን ገንብቶና ጭኖ ካርዱን ይሞክራል፤ ከዚያም «ደህና» ወይም «ብልሹ» ብሎ ይመልሳል።

ዘዴው ቀላል ቢመስልም ጥንቃቄ ይጠይቃል። አንድ «ደህና» በስሕተት ቢነገር ፍለጋው ወደ ተሳሳተው ግማሽ ይሄድና ከዚያ በኋላ ያለው ድካም ሁሉ ከንቱ ይሆናል። አልፎ አልፎ ብቻ የሚታይ ብልሽት ከሆነ እያንዳንዱን ዕትም ደጋግሞ መሞከር ያስፈልጋል። የመብራት መቆራረጥ ባለበት አካባቢ ደግሞ ማሽኑ የቆመው በከርነሉ ምክንያት ይሁን በኃይል መዋዠቅ አስቀድሞ መለየት ግድ ይላል። በላቦራቶሪ አንድ ተለዋዋጭ ብቻ እየለወጥን ሌላውን ሁሉ እንደ ነበረ እንድናቆይ የምንማረው ለዚሁ ነው።

ጥፋተኛው ሌላ ሲሆን

እ.ኤ.አ. በመስከረም 2008 ዓ.ም. የሊኑክስ 2.6.27 የሙከራ ዕትሞችን በጫኑ ሰዎች ላይ ከባድ አደጋ ደረሰ። አንዳንድ የኢንቴል ኔትወርክ ካርዶች በውስጣቸው የያዙት ቋሚ መረጃ ተበላሸ። ወደ ቀድሞው ከርነል መመለስም ካርዱን ሊያድነው አልቻለም። ጥርጣሬው በቅድሚያ ያረፈው ኢ1000ኢ በተባለው የካርዱ ድራይቨር ላይ ነበር።

እውነቱ ግን ሌላ ቦታ ተገኘ። ከርነሉ ኤፍትሬስ የተባለ፣ የራሱን ሥራ የሚከታተልበት ክፍል ተጨምሮለት ነበር። ይህ ክፍል የአንዳንድ ትእዛዞችን አድራሻ መዝግቦ ይይዝና በኋላ ይለውጣቸዋል። ከትእዛዞቹ አንዳንዶቹ ግን ለመነሻ ብቻ የሚያገለግሉ ስለ ነበሩ ሥራቸውን ሲጨርሱ ከማህደረ ትውስታ ይወገዳሉ። ባዶ የቀረው አድራሻ ለኔትወርክ ካርዱ በተሰጠ ጊዜ፣ ኤፍትሬስ የቀድሞው ነዋሪ ገና እዚያው ያለ መስሎት በካርዱ ላይ ጻፈበት። በጥቅምት 2008 ዓ.ም. የወጣው 2.6.27.1 ዕትም ይህንን አደገኛ አሠራር ዘጋው። ምልክቱ በካርዱ ላይ ቢታይም፣ ምክንያቱ ከካርዱ ጋር አንዳች ግንኙነት በሌለው ክፍል ውስጥ ነበር።

ሪግሬሽንና ጡረታ

በሊኑክስ አልሚዎች ዘንድ የታወቀ ሕግ አለ፤ ይኸውም ለተጠቃሚው ይሠራ የነበረን ነገር የሚያበላሽ ለውጥ ወይ መታረም ወይ መሰረዝ አለበት የሚል ነው። ይህ ማለት ግን አሮጌ ዕቃ ለዘላለም ይደገፋል ማለት አይደለም። ሊኑክስ እ.ኤ.አ. በ1991 ዓ.ም. የተወለደው በ386 ፕሮሰሰር ላይ ነበር፤ ያም ሆኖ በ2013 ዓ.ም. ከወጣው 3.8 ዕትም ጀምሮ 386 አይደገፍም። በነሐሴ 2025 ዓ.ም. የወጣው ዴቢያን 13 ደግሞ ባለ 32 ቢት የኢንቴል ዓይነት ማሽኖችን እንደ ቀድሞው በሙሉ አይደግፍም፤ ለእነርሱ የሚሆን ከርነልም ሆነ መጫኛ የለውም። ይህ ታስቦበትና ታውጆ የሚደረግ ጡረታ ነው። ሪግሬሽን ግን ማንም ሳያስበው የሚደርስ ጉዳት ስለ ሆነ ሊታረም ይችላል፤ ይህም የሚሆነው አንድ ሰው ሲያመለክት ብቻ ነው።

የእኛ ድርሻ

በሀብታም አገሮች የ15 ዓመት ካርድ ያለው ኮምፒውተር አብዛኛውን ጊዜ ተጥሏል። ስለዚህ በዚያ ካርድ ላይ የደረሰውን ሪግሬሽን የሚያይ ሰው እዚያ ላይኖር ይችላል። ማሽኑ አሁንም የሚሠራው በምዕራብ ጎጃም ባለ አንድ ትምህርት ቤት ከሆነ፣ ማስረጃው ያለው በዚያ ትምህርት ቤት ተማሪዎች እጅ ብቻ ነው ማለት ነው። ዝም ካሉ ካርዱ እንደማይሠራ የሚያውቅ የለም፤ ማሽኑም አንድ ሙሉ ክፍል ሊያስተምር ሲችል ወደ መጋዘን ይገባል።

ችግሮቹ ብዙ መሆናቸውን አንክድም። የከርነሉ ሙሉ ታሪክ ብዙ ጊጋባይት ይመዝናል፤ በአሮጌ ማሽን ላይ አንድ ከርነል መገንባትም ሰዓታት ይፈጃል። መፍትሔ ግን አላቸው። ታሪኩን ባሕር ዳር ደርሶ የተመለሰ ተማሪ አንድ ጊዜ በሃርድ ዲስክ ይዞት ቢመጣ፣ ከዚያ በኋላ ለባይሴክት ኢንተርኔት አያስፈልግም። ከርነሉን በአንድ ጠንካራ ማሽን ላይ ገንብቶ በአሮጌው ላይ መሞከር ይቻላል። ለማሽኑ የሚያስፈልጉትን ድራይቨሮች ብቻ መርጦ መገንባትም ጊዜውን በእጅጉ ያሳጥረዋል።

ባይሴክት ማድረግ ያልቻለም ቢሆን ጥሩ ማመልከቻ ሊጽፍ ይችላል። የሚጠበቅበትም ይህ ነው፦ በመጨረሻ የሠራው የትኛው ዕትም እንደ ሆነ፣ መጀመሪያ ያልሠራው የትኛው እንደ ሆነ፣ የካርዱ ሁለት መለያ ቁጥሮች ምን እንደሆኑ፣ ከርነሉ ሲነሣ የጻፈው መልእክት ምን እንደሚል። «ኢንተርኔቱ አይሠራም» ከሚል አንድ ገጽ ቅሬታ ይልቅ እነዚህ አራት መረጃዎች ይበልጣሉ።

ማረሚያው ሲዘጋጅ ወደ አመልካቹ ይላክና በዚያው አሮጌ ማሽን ላይ እንዲሞከር ይጠየቃል። ከተሳካም ጉድለቱን ያመለከተው ሰውና ማረሚያውን የሞከረው ሰው ስማቸው በከርነሉ ታሪክ ውስጥ ከለውጡ ጋር ይመዘገባል። ማረሚያው በቅድሚያ ወደ ዋናው ከርነል ይገባል፤ ከዚያም ወደ ቀደሙት የተረጋጉ ዕትሞች ይወርዳል። በሚቀጥለው ዕትምም ያው ካርድ በቡሬም ይሁን በሌላ አህጉር የትም ቢገኝ፣ ባለቤቱ ችግር እንደ ነበረ እንኳ ሳያውቅ ይሠራለታል።