ጠገራ ብር ስንት ያወጣል?

አባት ወይም አያት ያስቀመጡት ጠገራ ብር በብዙ ቤት ሣጥን ውስጥ አለ። የኦስትሪያዋ ንግሥት የማሪያ ቴሬዛ መልክና 1780 የሚል ዓመት ተቀርጾበታል። ያየው ሰው ዓመቱን ከዛሬው ይቀንስና «ከሁለት መቶ ዓመት በላይ የኖረ ነገርማ ሀብት ነው» ይላል። ስሌቱ ትክክል ነው፤ የተሳሳተው መነሻው ነው። ንግሥቲቱ እ.ኤ.አ. በ1780 ካረፉ በኋላም ሳንቲሙ ያንኑ ዓመት እንደያዘ መቀረጹን ቀጥሏል፤ በቀይ ባሕር ግራና ቀኝ የነበረው ነጋዴ የለመደውን መልክ ካላየ አልቀበልም ይል ነበርና። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹና በ1940ዎቹ መጀመሪያ ጣሊያን በሮም፣ እንግሊዝ ደግሞ በለንደንና በቦምቤይ አስቀርጸውታል። ቪየና ዛሬም ትቀርጸዋለች። የእርስዎ ጠገራ መቼና የት እንደተቀረጸ የሚነግርዎት ዓመቱ ሳይሆን በንግሥቲቱ ጌጥ ላይ ያሉት ዕንቁዎች፣ የንስሩ የጅራት ላባዎችና የጠርዙ ጽሑፍ ናቸው። ተራ የሆነው ጠገራ ዋጋው በውስጡ ካለው ንጹሕ ብር እምብዛም አይርቅም። ክብደቱ 28 ግራም፣ ንጥረቱ 833 ከሺህ ስለሆነ የሚገኝበት ንጹሕ ማዕድን 23.4 ግራም፣ ማለትም ሦስት አራተኛ አውንስ ያህል ነው።

ሳንቲሙን እንዲህ ለይቶ ማወቅ ሲፈለግ ነው የዋጋ መጽሐፍ የሚያስፈልገው። ከእነዚህ መጻሕፍት መካከል በአሜሪካ ሳንቲሞች ላይ የሚያተኩረውና በሽፋኑ «ቀዩ መጽሐፍ» የሚባለው እ.ኤ.አ. ከ1946 ጀምሮ ይታተማል። የዓለምን ሳንቲሞች የያዘው የክራውዘ ካታሎግ በ1972 ወጣ። የክራውዘ ትልቁ ውለታ ለእያንዳንዱ ሳንቲም መለያ ቁጥር መስጠቱ ነው። የአፄ ምኒልክን ብር የሚሸጥ የፓሪስ ነጋዴና የሚገዛ የዋሽንግተን ሰው ስለ አንድ ሳንቲም እየተነጋገሩ መሆኑን የሚያውቁት በዚያ ቁጥር ነው። ዓመቱ በግዕዝ ቁጥር የተጻፈ ስለሆነ፣ በላዩ ያለው አንበሳም በየትኛው ቅርጽ የትኛውን እግሩን እንዳነሳ ስለሚለያይ፣ ያለ መጽሐፉ መሳሳት ቀላል ነው። ችግሩ የሚመጣው አንባቢው ይህን ሁሉ ዘልሎ በቀጥታ ወደ ዋጋው ዓምድ ሲሄድ ነው። በእኔ ግምት ከመጽሐፉ ሁሉ እምነት ሊጣልበት የማይገባው ክፍል ያ ዓምድ ነው።

ዋጋው ከነጋዴዎችና ከጨረታ ውጤቶች ተሰብስቦ፣ ተመዛዝኖ ወደ ማተሚያ ቤት ይሄዳል። አንባቢ እጅ ሲደርስ ወራት አልፈውታል። ከዚህም በላይ የማን ዋጋ ነው የሚለው ጥያቄ አለ። የቀዩ መጽሐፍ አሳታሚ በ1942 የጀመረው «ሰማያዊ መጽሐፍ» የሚባል ሌላም አለው። ቀዩ ነጋዴ ለደንበኛ የሚሸጥበትን፣ ሰማያዊው ነጋዴ ከሰው የሚገዛበትን ግምት ይሰጣል። አንድ አሳታሚ ለአንድ ሳንቲም ሁለት መጽሐፍ ማሳተም ካስፈለገው፣ «ዋጋው ይህ ነው» የሚል ሰው የትኛውን ዋጋ እንደሚል ሊጠየቅ ይገባል። ሻጭ ሆኖ ቀዩን ይዞ የሚከራከር ሰው ነጋዴው አጭበርባሪ ይመስለዋል፤ ብዙ ጊዜ ግን ነጋዴው ኪራዩንና ትርፉን እያሰበ ነው።

መጽሐፍ ከነአካቴው ሊሳሳት እንደሚችል የሚያሳየው የ1903ቱ የኒው ኦርሊንስ የብር ዶላር ነው። ከአራት ሚሊዮን በላይ ተቀርጾ ሳለ አብዛኛው ቀልጧል ተብሎ ስለታመነ፣ ያልተነካ አንዱ በ1960ዎቹ መጀመሪያ በመጽሐፍ 1,500 ዶላር ተተምኖ ነበር። በ1962 መገባደጃ የአሜሪካ ግምጃ ቤት ተዘግተው የቆዩ ከረጢቶችን ሲያወጣ ሳንቲሙ ወጥቶ ተዘረገፈ፤ ዋጋውም ወደ ጥቂት አስር ዶላር ወረደ። ያ ሳንቲም በአንድ ሌሊት አላረጀም፣ አልተበላሸም። የተለወጠው ሰው ስለ ብዛቱ የነበረው እውቀት ብቻ ነው። ብርቅነት በተቀረጸው ቁጥር አይለካም፤ በተረፈው፣ ያውም ተርፎ በታወቀው ቁጥር ነው የሚለካው። ዛሬ ያው ዶላር እንደገና በመቶዎች ይሸጣል፤ ክምችቱ በሰብሳቢዎች መካከል ተከፋፍሎ አልቋልና።

ፍላጎትም እንዲሁ ያሳስታል። በ1950 በዴንቨር የተቀረጸው አምስት ሳንቲም ከሌሎቹ በብዛት ያነሰ ስለነበር ሰው እየጠቀለለ አስቀመጠው። የሁለት ዶላር ጥቅል በ1964 ከሺህ ዶላር በላይ ከተጠየቀበት በኋላ ወደቀ፤ ሁሉም ያስቀመጠው ነገር የትም አልጠፋምና። የማዕድኑ ገበያ ደግሞ የራሱ ማዕበል አለው። በጥር 1980 የብር ማዕድን በአውንስ ወደ 50 ዶላር ሲጠጋ የተራ ሳንቲም ባለቤቶች ወደ አቅላጮች ሮጡ፤ በመጋቢት መጨረሻ ግን ዋጋው ከ11 ዶላር በታች ወርዶ ነበር። በዚያ ጥር የታተመ ዋጋ በሚያዝያ ምን ዋጋ ነበረው?

«ስለዚህ መጽሐፉ አይረባም፣ የዛሬውን ዋጋ ኢንተርኔት በየቀኑ ያሳየናል» የሚል ይኖራል። በየሳምንቱ በብዛት ለሚሸጥ ሳንቲም ይህ ክርክር ትክክል ነው፤ የጨረታ ቤቶች ያለፉ ሽያጮችን መዝገብ ክፍት አድርገዋልና። ነገር ግን ሁለት ነገር መለየት ያስፈልጋል። ሻጩ የጠየቀው ዋጋ ምኞት ነው፤ ለአንድ ተራ ጠገራ ሚሊዮን መጠየቅ ማንንም አያስከፍልም። ሽያጭ የተፈጸመበት ዋጋ ብቻ ነው ማስረጃ የሚሆነው። ሁለተኛ፣ በጥሩ ሁኔታ ላይ ያለ የምኒልክ ብር በዓመት ጥቂት ጊዜ ብቻ ጨረታ ላይ ሲወጣ፣ ሁለት ተጫራቾች እልህ ተጋብተው ያወጡት ዋጋ ለሚቀጥለው ሻጭ ተስፋ እንጂ ዋስትና አይሆንም። የ1933ቱ የአሜሪካ ሃያ ዶላር ወርቅ በ2002 በ7.6 ሚሊዮን፣ በ2021 ደግሞ በ18.9 ሚሊዮን ዶላር መሸጡን ጋዜጦች አሞቁት። እንዲህ ያለ ዜና ግን ስለ ሌላው ሳንቲም የሚናገረው ነገር የለም።

ሌላው ጠንካራ ተቃውሞ ደረጃ ሰጪ ድርጅቶች ክርክሩን ጨርሰውታል የሚለው ነው። በ1949 ዊልያም ሼልደን ለአሜሪካ ትልልቅ መዳብ ሳንቲሞች ያወጣው ከ1 እስከ 70 የሚሄድ ሚዛን ዛሬ ለሌሎች ሳንቲሞችም ያገለግላል፤ ከ1986 ወዲህም ሳንቲምን መርምረው፣ በፕላስቲክ አሽገው ቁጥር የሚሰጡ ድርጅቶች አሉ። ጠብ ቀንሰዋል፤ ነገር ግን በ64 እና በ65 መካከል ያለው ልዩነት በዓይን በቀላሉ የማይለይ ሆኖ ሳለ ዋጋው ሊራራቅ ስለሚችል፣ አዲስ የግምት ጨዋታ ፈጥረዋል። የእኛ አገር ሳንቲሞች ትልቁ ጠላት ደግሞ ደረጃ ሳይሆን ጽዳት ነው። በሎሚና በአመድ የተፈተገ፣ ለአንገት ጌጥ የተበሳ ወይም ማንጠልጠያ የተበየደበት ጠገራ ለባለቤቱ ያምራል፤ ሰብሳቢ ግን ከማዕድኑ ዋጋ በላይ አይከፍልበትም። የጠቆረው ብር ለእርሱ የተሻለ ነው።

የአክሱም ሳንቲሞች ሲሆኑ ደግሞ ነገሩ ይከርራል። ከንጉሥ እንዱቢስ ዘመን ጀምሮ የተቀረጹት ወርቆች በውጭ ጨረታ ዋጋቸው በግልጽ ይታያል። ነገር ግን አዋጅ ቁጥር 209/1992 ዓ.ም. ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ስለሚከለክል፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ላለ ሰው ያ ዋጋ የለም። በውጭም ቢሆን መቼና እንዴት ከአገር እንደወጣ የሚያሳይ ሰነድ ያለው ሳንቲም ከሌለው በተሻለ ይሸጣል፤ ሰነድ የሌለውን ደግሞ ጠንቃቃ የጨረታ ቤት አይቀበልም።